ታዳሽ ኃይል መማር ለምትፈልጉ፦ ቴክኒክና ሙያ፣ ዲግሪ ወይስ ማስተርስ?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ስለ ታዳሽ ኃይል የሚጠይቅ ወጣት ይበዛል። ቢበዛም አይገርምም። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማው በዝቷል። ገጠር ወጣ ስትሉ ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ትንሽ ሶላር ማየት ብርቅ አይደለም። «የነገው ሥራ እዚህ ነው» የሚለው ግምት ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚያስቸግረው መግቢያው ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ፓኔል የሚያስረው ልጅ፣ ጊቤ 3 ላይ ፈረቃ የሚገባው ኦፕሬተር፣ ሰብስቴሽን (ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ የሚደረግበት ጣቢያ) የምትነድፈው መሐንዲስ፣ ሚኒስቴር ቁጭ ብሎ የታሪፍ ጥናት የሚሠራው ባለሙያ፣ ሁሉም «ታዳሽ ኃይል ነው የምሠራው» ይላሉ። የተማሩት ትምህርት ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ «የት ልግባ?» ከማለታችሁ በፊት «ጠዋት ተነስቼ ምን እየሠራሁ መዋል እፈልጋለሁ?» በሉ።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። መጀመሪያ መሠረት ያለው ሙያ ያዙ፤ በተለይ ኤሌክትሪክ። ታዳሽ ኃይሉን በእሱ ላይ ጨምሩ። ዲፕሎማው ላይ «ታዳሽ ኃይል» የሚል ስም ስላለ ብቻ ኮሌጅ አትምረጡ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው።

ሥራው ያለው የት ነው?

ታዳሽ ኃይል ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ሶላር ነው። እኛ አገር ግን ከሚመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው ከውኃ ነው። ሕዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት፣ ጊቤ 3 ደግሞ 1,870፣ ጣና በለስ 460፣ ተከዜ 300። ከውኃ ቀጥሎ ነፋስ ይመጣል። አዳማ ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት ያላቸው ሁለት ጣቢያዎች አሉ። መቀሌ አጠገብ ያለው አሸጎዳ 120 ነው። አይሻ እና አሰላም አሉ። ረጲ ከቆሻሻ 25 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተብሎ የተሠራ ነው። አሉቶ ላንጋኖ ከመሬት ውስጥ በሚወጣ እንፋሎት እንዲሠራ የተተከለ ትንሽ ጣቢያ ነው። በመተሐራ፣ በዲቼቶ እና በጋድ ታስበው የነበሩት ትላልቅ የሶላር ጣቢያዎች ግን እንደታሰበው አልሄዱም።

ይህን ያመጣሁት ለቁጥር ብዬ አይደለም። ቅጥር የሚከተለው ይህንን ስለሆነ ነው። የድሮው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለደንበኛ ያከፋፍላል፤ ቆጣሪ የሚያስገባላችሁም እሱ ነው። የእነዚህ የሁለቱ ዋና ሥራ ውኃ፣ ነፋስ እና ሽቦ ነው። ሽቦውን አትናቁት። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ የሚገባው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሚሠራውም በዲሲ (አቅጣጫውን በማይቀያይር ጅረት) ነው። እንዲህ ያለ መስመር የሚያውቅ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሶላር ግን ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። ሥራው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከሕዝባችን ግማሽ ለሚጠጋው መብራት ገና አልደረሰውም። እዚያ ያለው የጤና ኬላ የክትባት ማቀዝቀዣ፣ የገበሬው የመስኖ ፓምፕ፣ የቴሌኮም ማማ፣ የሱቁ ቴሌቪዥን በሶላር ይሠራል። ቀጣሪዎቹ አስመጪዎች፣ ጫኝ ድርጅቶች እና ዕርዳታ ድርጅቶች ናቸው፤ ወይም ራሳችሁ ናችሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ ጡረታ መውጣት ለሚፈልግ ሰው ይህ መንገድ አይመችም። በእጁ ለሚያምን ግን ሰፊ ነው።

ቴክኒክና ሙያ

ከሁሉም በላይ መቆየት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. 5.4 ነበር። ለአብዛኛው ወጣት ክፍት የሆነው በር ቴክኒክና ሙያ ነው። ቤተሰብ ግን አሁንም «ወደቀና ቴክኒክ ገባ» ይላል። ይህ አነጋገር ብዙ ጎበዝ ልጆችን ጎድቷል። ለፀሐይ ኃይል ሥራ ከሆነ ቴክኒክና ሙያ ሁለተኛ ምርጫ አይደለም፤ ትክክለኛው በር ነው።

ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ 5 ነው። በየደረጃው መጨረሻ የብቃት ምዘና አለ፤ ሁሉም ሰው ሲኦሲ የሚለው። ያለ ሲኦሲ ሰርተፊኬቱ ብዙም አያስኬድም። አዲስ አበባ ውስጥ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ እንጦጦ የመሳሰሉ ስመ ጥር ፖሊ ቴክኒኮች አሉ። በየክልሉም አሉ። ትምህርቱ ከድርጅት ጋር በሚደረግ የትብብር ሥልጠና ይደገፋል፤ ማለትም የተወሰነው ጊዜ የሚያልፈው እውነተኛ ሥራ ቦታ ላይ ነው። ወይም ማለፍ ነበረበት። እዚህ ላይ ኮሌጅ ከኮሌጅ በጣም ይለያያል።

ጥሩ የሶላር ቴክኒሻን ምን እንደሚያውቅ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ደንበኛ መጣ እንበል። አራት ባለ 7 ዋት አምፖል አለው፤ በቀን 5 ሰዓት ያበራል። ባለ 40 ዋት ቴሌቪዥን 4 ሰዓት ያያል። ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፤ ለእሱ 30 ዋት-ሰዓት እንያዝ። አምፖሉ 140፣ ቴሌቪዥኑ 160፣ ስልኩ 30፤ ድምሩ በቀን 330 ዋት-ሰዓት ነው። ሽቦው፣ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ዕቃ) እና ባትሪው ከዚህ ላይ የሚበሉት አለ። ስለዚህ ለ0.7 ይካፈላል፤ 471 ይመጣል። በክረምት ጥሩ ፀሐይ በቀን 4 ሰዓት ያህል ነው ብለን ብንይዝ 118 ዋት ፓኔል ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያለውን ባለ 150 ዋት እንወስዳለን።

ባትሪውስ? ሁለት ቀን ሰማዩ ቢደፈን ሰውየው ጨለማ ውስጥ እንዳያድር እንፈልጋለን። 330 በ2 ሲባዛ 660። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ለ0.5 ይካፈላል፤ 1,320። ለ12 ቮልት ሲካፈል 110 አምፒር-ሰዓት። ሊቲየም ከሆነ 80 በመቶው ስለሚሠራበት ወደ 69 አምፒር-ሰዓት ይበቃል። ዋጋው ግን ይለያል። ደንበኛው መወሰን ያለበት ይህን ልዩነት ተረድቶ ነው።

ይቀጥላል። ባለ 150 ዋት ፓኔል በ12 ቮልት ወደ 12 አምፒር ያመጣል። በ220 ቮልት ቢሆን ኖሮ ይኸው ኃይል 1 አምፒር እንኳን አይሞላም ነበር። ቤት ውስጥ ቀጭን ሽቦ የለመደ ኤሌክትሪሺያን ያንኑ ሽቦ ጣሪያ ላይ ሲዘረጋ ሽቦው ይሞቃል፣ ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ደንበኛው «ሶላር አይሠራም» ብሎ ለጎረቤቱ ይናገራል። ፓኔሉ በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ወደ ደቡብ መዞር አለበት። ፍጹም ጠፍጣፋ ከሆነ አቧራውን ዝናብ አያጥበውም። ፊውዝ ለባትሪው ቅርብ መሆን አለበት። የዲሲ ብሬከር እና የኤሲ (የቤት መብራት) ብሬከር አይተካኩም፤ ዲሲ ሲቆረጥ የሚፈጥረው ብልጭታ ቶሎ አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ከሂሳብ አንጻር ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። ዲግሪ አይጠይቅም። ግን በጥንቃቄ የሚሠራው ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ቦታ በዓመቱ የሞተ ሲስተም የምናየው ፓኔሉ መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ይህችን ስሌት ማንም ስላልሠራት ነው። በዚህ ምክንያት ጎበዝ ቴክኒሻን በስሙ ብቻ ከሰው ወደ ሰው እየተጠራ ይሠራል።

ኮሌጅ ስትመርጡ ታዲያ ብሮሹሩን ሳይሆን ዎርክሾፑን እዩ። ግቢው ውስጥ ገብታችሁ «ዎርክሾፑን ማየት እችላለሁ?» በሉ። የሚከለክል ኮሌጅ መልሱን ሰጥቷችኋል። ከገባችሁ ፓኔሎቹ ግድግዳ ላይ ለማሳያ ተሰቅለው እንደሆነ ወይስ ሠልጣኞች የሚፈቱትና የሚገጥሙት እንደሆነ ተመልከቱ። መልቲሜትር ለስንት ሠልጣኝ ስንት እንደሚደርስ ጠይቁ። ፒንሳውና ካቻቢቴው ያረጀ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሰው ይሠራበታል ማለት ነው። አዲስ ሆኖ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ብዙ ቦታ አለ። ከተመረቁት መካከል ሁለት ሦስቱን ፈልጋችሁ «አሁን ምን እየሠራችሁ ነው?» ብትሉ ደግሞ የትኛውም ማስታወቂያ የማይነግራችሁን ትሰማላችሁ።

ሌላው ምክሬ፣ «ሶላር» የሚል ስም ካለው አጭር ሥልጠና እና ከኤሌክትሪክ ሙያ ደረጃ 3 ወይም 4 አንዱን ምረጡ ብትባሉ፣ ኤሌክትሪኩን ውሰዱ። ሶላሩን በአጭር ኮርስና በሥራ ላይ ትጨምሩታላችሁ። የሶላር ሥራ ሲቀዘቅዝ የሕንፃ ዝርጋታ፣ የፋብሪካ ሞተር ጥገና፣ የጄኔሬተር ሥራ አለ። ፓኔል ማሰር ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ ዕቃ ካልገባ ቁጭ ይላል። ይህ ደግሞ በአገራችን የሚታወቅ ነገር ነው። በኤሌክትሪክ ሥራ ራሱን ችሎ ኮንትራት ለመውሰድ የሚፈልግ ሰው ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ማውጣቱንም አይርሳ።

ጉድለቱን ደግሞ ልንገራችሁ። የመነሻ ደመወዙ ዝቅተኛ ነው። ሥራው ጉዞ አለው፣ ከፍታ አለው፣ ፀሐይ አለው። ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ለማደግ ዲግሪ ይጠየቃል። ስለዚህ ከደረጃ 4 ወይም 5 በኋላ እየሠሩ በማታ ወይም በእረፍት ቀን ዲግሪ መቀጠልን ከአሁኑ አስቡበት። እጁ የሠራ ሰው ዲግሪ ሲይዝ ከሁለቱም ወገን የተሻለ ይሆናል።

ዲግሪ ከሆነስ?

ምህንድስና አምስት ዓመት ነው። ከመመረቅ በፊት የመውጫ ፈተና አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ዩኒቨርሲቲ መግባት ብቻ አይበቃም። የሚፈልጉት ዲፓርትመንት መግባትም በፍሬሽማን ውጤት ነው። «ኤሌክትሪካል እገባለሁ» ብሎ የመጀመሪያውን ዓመት የቀለደ ልጅ ሌላ ቦታ ራሱን ያገኛል።

ለኃይል ዘርፍ ኤሌክትሪካል ምህንድስናን የሚተካከለው የለም። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ዲፓርትመንቱ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ዘርፍ ትመርጣላችሁ፤ ፓወር፣ ኮንትሮል፣ ኮሙኒኬሽን፣ ኮምፒውተር እያለ ይሄዳል። ብዙ ተማሪ ኮምፒውተሩን ይመርጣል፤ ሶፍትዌር ገንዘብ አለው ተብሎ። ጥፋት አይደለም። ኃይል ውስጥ መሥራት የፈለገ ግን ፓወርን ይያዝ። የትራንስፎርመር፣ የጄኔሬተር፣ የፕሮቴክሽን (መስመርን ከአደጋ መከላከል) እና የሎድ ፍሎው (ኃይሉ በየመስመሩ እንዴት እንደሚከፋፈል ማስላት) ኮርሶችን የምታገኙት እዚያ ነው። ነፋሱም፣ ውኃውም፣ ሶላሩም መጨረሻው ግሪድ (አገር አቀፉ የኤሌክትሪክ መረብ) ላይ ነው። ግሪዱን የሚያውቅ ሰው የኃይሉ ምንጭ ቢለዋወጥ ሥራ አያጣም።

በተለይ ፕሮቴክሽንን ልመክራችሁ እወዳለሁ። መስመር ላይ ዛፍ ሲወድቅ ወይም ሾርት ሲፈጠር የትኛው ብሬከር በስንት ሚሊ ሰከንድ ይቁረጥ የሚለውን የሚወስነው ሪሌይ ነው። ያን የሚያስተካክል ባለሙያ ስሕተት ከሠራ አንድ ሰፈር መጥፋት ሲገባው ግማሽ አገር ይጠፋል። ትምህርቱ ከባድ ነው፤ የሚፈራው ብዙ ነው። በዚያው ልክ የሚያውቀው ሰው ይፈለጋል።

መካኒካል ምህንድስና ለሁለት ዓይነት ሰው ጥሩ ነው። አንዱ ተርባይን የሚወድ ነው፤ የውኃም ሆነ የነፋስ። ኩሽኔታ፣ ካምቢዮ፣ ዘይት፣ ንዝረት፣ እነዚህ የጣቢያ ጥገና የዕለት ተዕለት ጉዳዮች ናቸው። ሌላው ደግሞ የሙቀት ሥራ የሚወድ ነው፤ ባዮጋዝ፣ የተሻሻለ ምድጃ፣ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ። በነገራችን ላይ አብዛኛው የአገራችን ቤተሰብ የሚያበስለው አሁንም በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። እናቶቻችን የሚተነፍሱት ጢስ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዚህ ላይ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ቢበዛ ደስ ይለኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ በዚህ መስክ ደመወዝ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከፕሮጀክት ነው፤ ፕሮጀክት ደግሞ ያልቃል።

የውኃ ምህንድስና የሚስባችሁ ከሆነ አርባ ምንጭ የሚታወቅበት ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተነሳው በ1979 ዓ.ም. ከተከፈተው የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ግድብ ማጥናት፣ የወንዝ ፍሰት መለካት፣ ደለል መቆጣጠር እዚህ ይገባል። ልብ በሉ፣ ግድብ ሲገነባ ብዙ የሲቪልና የውኃ መሐንዲስ ይፈለጋል፤ ሲያልቅ ይበተናል። ከግንባታ በኋላ ጣቢያው ውስጥ የሚቀሩት በአብዛኛው ኤሌክትሪካልና መካኒካል ናቸው። የውኃ መሐንዲስ ግን መስኖና የመጠጥ ውኃም ስላለው ፈጽሞ ሥራ አያጣም። እንፋሎት የሚስበው ደግሞ ጂኦሎጂ ይማር። እንደ ኮርቤቲና ቱሉ ሞዬ ባሉ የከርሰ ምድር እንፋሎት ቦታዎች ጉድጓዱ የት ይቆፈር የሚለውን የሚያሳየው ጂኦሎጂስት ነው።

«ታዳሽ ኃይል» ተብሎ ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪስ? ስሙ ይማርካል። ከመግባታችሁ በፊት ግን አንድ ሥራ ሥሩ። የቅርብ ወራት የክፍት ሥራ ማስታወቂያዎችን ሰብስቡ፤ የኤሌክትሪክ ኃይልን፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎትን፣ የኮንትራክተሮችን፣ የዕርዳታ ድርጅቶችን። «ተፈላጊ የትምህርት ዓይነት» የሚለውን መስመር ብቻ አንብቡ። ኤሌክትሪካል የሚለው ስንት ጊዜ መጣ? የእናንተ ዲግሪ ስም ስንት ጊዜ መጣ? የሰው ኃይል ክፍል ያለው ሠራተኛ ስሙ ከማስታወቂያው ጋር ካልገጠመ ፋይሉን ወደ ጎን ያደርገዋል። ችሎታችሁን ለማየት ዕድል አያገኝም። ልፋታችሁ በስም ምክንያት እንዲቀር አልፈልግም።

ማስተርስ፦ መቼ?

በኢነርጂ ላይ ማስተርስ የሚሰጡ ቦታዎች አሉን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢነርጂ ማዕከል አለው። ጅማም፣ መቀሌም፣ አምስት ኪሎም በዚህ ዙሪያ ያስተምራሉ። ከአገር ውጭ ደግሞ አልጄሪያ ተለምሰን ከተማ ያለው የፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ የውኃና ኢነርጂ ተቋም አለ። የአፍሪካ ኅብረት ያቋቋመው ነው፤ ከመላው አፍሪካ በስኮላርሺፕ ይቀበላል። ከምህንድስናው ሌላ የኢነርጂ ፖሊሲም ያስተምራል። ስለዚህ ከኢኮኖሚክስና ከመሳሰሉት የመጣ ሰውም መግቢያ አለው።

እኔ ማስተርስን የምመክረው ሁለት ሦስት ዓመት ለሠራ ሰው ነው። ሳይሠራ የገባ ሰው ለመመረቂያ ጥናቱ ችግር ፍለጋ ይደክማል። የሠራ ሰው ችግሩን ይዞ ይገባል። ለምሳሌ አንድ ሚኒ ግሪድ (ለአንድ መንደር ብቻ የሚሆን የመብራት መረብ) ለምን በሦስተኛው ዓመት ላይ ገቢው ወጪውን መሸፈን እንዳቃተው፣ ወይም ገበሬው ለምን ፓምፑን እንደተወው። ጥናቱም ቁም ነገር ይኖረዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ቅጥርም ይቀላል። መምህር ወይም ተመራማሪ መሆን የሚፈልግ ግን ወዲያው ቢቀጥል ይሻለዋል፤ ለእሱ መንገዱ ይኸው ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ወይም ለምታስቡ

አሜሪካ ላሉ ወገኖች አጭር ነገር ልበል። በ2024 እ.ኤ.አ. በነበረው የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ፣ የሶላር ጫኝ መካከለኛ የዓመት ገቢ 51,860 ዶላር ነበር። የኤሌክትሪሺያን 62,350 ዶላር። የነፋስ ተርባይን ቴክኒሻን 62,580 ዶላር። እዚያም ቢሆን ከሶላር ጫኙ ኤሌክትሪሺያኑ ይበልጣል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታችሁ የሶላር ሰርተፊኬት ከመያዝ ይልቅ የኤሌክትሪሺያን አፕረንቲስሺፕ ብትጀምሩ እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ። አራት አምስት ዓመት ይፈጃል፤ መጨረሻው ግን ላይሰንስ ነው። ሶላሩን ከዚያ በኋላ ጨምሩበት።

ጀርመን ለመሄድ የሚያስቡ ደግሞ አውስቢልዱንግ የሚባለውን፣ እየሠሩ የሚማሩበትን የሙያ ሥልጠና፣ ይመልከቱ። የኤሌክትሪክ ሙያው ሦስት ዓመት ተኩል ነው፤ ደመወዝ አለው። ዋናው በር ጀርመንኛ ቋንቋ ነው። ቋንቋውን ሳይዙ ኤጀንት ዘንድ ገንዘብ ማፍሰስ አይገባም። የቋንቋ ትምህርቱን ጀምራችሁ፣ ስድስት ወር ከገፋችሁበት በኋላ ውሳኔውን ብታዩት ይሻላል።

የግል ኮሌጅና አጫጭር ሥልጠናዎች

ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ኮሌጁም፣ ትምህርት ክፍሉም በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳላቸው አጣሩ። ኮሌጁ ዕውቅና ኖሮት ያ አንድ ትምህርት ክፍል ሳይኖረው ሊቀር ይችላል። ቅርንጫፉም እንዲሁ። «ሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ከሰማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

በኢንተርኔት የሚሰጡ ነፃ ኮርሶች ለማሟያ ጥሩ ናቸው። ንድፈ ሐሳቡን ያስይዛሉ፤ የዲዛይን ሶፍትዌር ያስለምዳሉ። ሽቦ መንካት ግን አያስተምሩም።

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ውጤት ያልመጣለት፣ እጁ ግን የሚሠራ፣ ሬዲዮ ፈትቶ የሚገጥም ልጅ ካለ ጊዜውን ለሁለተኛ ፈተና ከማባከን በኤሌክትሪክ ሙያ ደረጃ ይጀምር። ቤተሰብ ቶሎ ገቢ ከሚጠብቅበትም ይኸው ይሻለዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ መሣሪያውን ይዞ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሒሳብና ፊዚክስ የሚወድ፣ ውጤትም ያለው ልጅ ኤሌክትሪካል ገብቶ ፓወር ይያዝ። የክረምት ዕረፍቱን ሰብስቴሽን ወይም ጫኝ ድርጅት ጋር ያሳልፍ፤ ያለ ክፍያም ቢሆን። ኢንተርንሺፑን ደግሞ ፊርማ ለማስፈረም ብቻ አይጠቀምበት። ያ አንድ ሴሚስተር የመጀመሪያ ሥራውን የሚያገኝበት ሊሆን ይችላል።

ስለ ሴት ልጆች የሚጠይቁ ወላጆች አሉ። «ጣሪያ ላይ መውጣት፣ ገጠር መውረድ ይከብዳታል» ይላሉ። ጭንቀቱ ይገባኛል። ነገር ግን ዲዛይን፣ ፕሮቴክሽን፣ የመቆጣጠሪያ ክፍል፣ የጥራት ምርመራ፣ የኢነርጂ ኦዲት (ኃይል የት እንደሚባክን መመርመር) ከፍታ ከሌላቸው ሥራዎች ናቸው። ጣሪያውንም ቢሆን የምትፈልግ ልጅ አትከልከሉ። ገጠር ውስጥ የሶላር ዕቃ የምትጠቀመው በአብዛኛው የቤት እመቤቷ ናት። ቤት ገብታ በእርጋታ የምታስረዳት ሴት ቴክኒሻን ስትመጣ ሲስተሙ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ነጋዴ መንፈስ ያለው ልጅም አለ። መሸጥ ይወዳል፣ ሰው ያግባባል። እሱ ከቴክኒክ ሥልጠናው ጎን ሒሳብ አያያዝ ይማር። የሶላር ሱቅ የሚዘጋው ብዙውን ጊዜ በቴክኒክ ችግር አይደለም፤ በዱቤ ነው። ለገበሬ በዱቤ ሸጦ መሰብሰብ፣ ዋስትና ያለውን ዕቃ መተካት፣ መለዋወጫ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት ሁለት ቦታ ሂዱ። አንዱ የመረጣችሁት ኮሌጅ ዎርክሾፕ ነው። ሌላው ሰፈራችሁ ያለ የኤሌክትሪክ ወይም የሶላር ጫኝ ነው፤ «አንድ ሳምንት አብሬህ ልዋል» በሉት። ሻይ ብትጋብዙት እምቢ የሚላችሁ አይመስለኝም። ደርሳችሁ ስትመለሱ ማታ ላይ እጃችሁ ቢቆሽሽም ነገ ለመመለስ ከጓጓችሁ ቴክኒክና ሙያውን ምረጡ። «ይህ ኮንትሮለር ውስጡ እንዴት ነው የሚወስነው?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ከነሳችሁ ደግሞ ዲግሪውን።